ሞገዱን ከዳር ማንበብ፦ ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ባሕረ ሰላጤ ሰርፊንግ

ከከተማ ትንሽ ወጣ ብላ፣ ግራና ቀኟን አለት የከለላት፣ መሐሏ አሸዋ የሆነች ትንሽ ባሕረ ሰላጤ ሰርፊንግ፣ ማለትም በቦርድ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ፣ ለመጀመር የተመቸች ቦታ ናት። ሞገዱ ከክፍቱ ዳርቻ ያንሳል፤ ነፋሱን አለቱ ይመክተዋል፤ ውኃው ጋ ለመድረስም ብዙ መንገድ የለውም። ችግሩ፣ ሰላጤዋን የተመቸች ያደረጋት ቅርጽ ራሱ አደጋዋንም መሥራቱ ነው። በአፏ የገባው ውኃ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫውም ብዙ ጊዜ አለቱን ተጠግቶ ጸጥ ብሎ የሚፈሰው መስመር ነው። ስለዚህ ቦርድ ላይ መቆም ከመማር በፊት ዳር ቆሞ ውኃውን ማየት መማር ይቀድማል።

ትንበያው ላይ ያሉት ቁጥሮች

የሰርፍ ትንበያ የሚሰጡ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ስለ ሞገድ ሦስት ነገር ይናገራሉ፦ ቁመት፣ ጊዜና አቅጣጫ። ጀማሪ የሚያየው ቁመቱን ብቻ ነው። የለመደ ሰው ግን መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ጊዜው ላይ ነው። ጊዜ ማለት አንዱ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ የሚቆጠረው ሰከንድ ነው። እዚያው አካባቢ የሚነፍስ ነፋስ የወለደው ሞገድ በየ5 ወይም በየ7 ሰከንዱ እየተግተለተለ ይመጣል፤ አጭርና የተዘበራረቀ ነው። ሩቅ ባሕር ላይ የነበረ ወጀብ የላከው፣ ሰርፈሮች «ስዌል» የሚሉት ሞገድ ግን በመንገዱ እየተበጠረ፣ 12 ወይም 14 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እያረፈ ይደርሳል።

ይህ ለትንሽ ሰላጤ ለምን አስፈለገ? በጥልቅ ባሕር ላይ ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሜትር የሚገኘው የጊዜውን ካሬ በ1.56 በማባዛት ነው። የ7 ሰከንድ ሞገድ 76 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የ14 ሰከንዱ ግን ከ300 ሜትር ይበልጣል። ሞገድ ደግሞ የባሕሩን ወለል «መዳሰስ» የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱን ግማሽ ሲያክል ነው። አጭሩ ሞገድ 38 ሜትር ጥልቀት ላይ እስኪደርስ ድረስ ከታቹ ምን እንዳለ አያውቅም። ረጅሙ ግን ከ150 ሜትር ጀምሮ ወለሉ ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል፣ ያጣምመዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘው በሰልፍ የሚሄዱ ሰዎችን ያስቡ፦ በአንዱ ጫፍ ያሉት ጭቃ ውስጥ ቢገቡ ሰልፉ በሙሉ ወደ ጭቃው ይዞራል። ሞገድም ጥልቀቱ ወደ ቀነሰበት ወገን ይታጠፋል፤ አለቱን ዞሮ ሰላጤው ውስጥ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። አጭሩ ሞገድ ግን ከጎን ከመጣ የሰላጤዋን አፍ አልፎ ይሄዳል።

በመታጠፍ የገባ ሞገድ ጉልበቱ በሰፊ መስመር ላይ ስለሚበተን ቁመቱ ይቀንሳል። ትንበያው 2 ሜትር እያለ ሰላጤው ውስጥ ከወገብ የማያልፍ ሞገድ ቢገኝ ትንበያው ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ የተጻፈው ለክፍቱ ባሕር ነውና። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስዌሉ ፊት ለፊት ከአፏ አቅጣጫ ከመጣ ምንም አይመክተውም፣ ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይገባል። ለዚህ ነው «እዚያ ሁሌም ውኃው ልል ነው» የሚለውን ወሬ ከአቅጣጫው ጋር ሳያስተያዩ ማመን የማይገባው።

አቅጣጫ ሲነበብ ደግሞ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፦ የስዌልም የነፋስም አቅጣጫ የሚጻፈው በመጣበት እንጂ በሚሄድበት አይደለም። አፏ ወደ ደቡብ ለተከፈተ ሰላጤ «ደቡብ ስዌል» ማለት ቀጥታ የሚገባ ማለት ነው። «ሰሜን ነፋስ» ማለት ደግሞ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ማለት ነው።

ቁመትን በተመለከተ ማወቅ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦ የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ካሬ ጋር ያድጋል። 2 ሜትር የ1 ሜትር እጥፍ መስሎ ይታያል እንጂ ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ጊዜው ከ7 ወደ 14 ሰከንድ ካደገ ያ አራት እጥፍ ስምንት ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላጤው ውስጥ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ ሞገድ ከበቂ በላይ ነው።

ነፋስና የባሕር ሙላት

ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ የሞገዱን ፊት ደግፎ ያቆመዋል፤ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ቀስ ብሎ ይሰበራል። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ደግሞ ከኋላ ገፍቶ ቶሎ ያፈርሰዋል፤ ውኃውም ይበጣበጣል። በፀሐያማ ቀን መሬቱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚግል ረፋድ ላይ አየሩ ከባሕር ወደ የብስ መሳብ ይጀምራል። ሰርፈሮች ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የሚሮጡት ለዚህ ነው። ለጀማሪ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ ትልቅና ቀላል የጀማሪ ቦርድን እንደ ሸራ ይዞ ወደ ባሕር ይገፋል። ቦርዱ በእጅ አልያዝ ካለ ያን ቀን መተው ነው።

በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ወደ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ስለሚፈጅ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ውኃው የሚነሣውም የሚወርደውም በእኩል ፍጥነት አይደለም። ስድስት ሰዓት ገደማ ከሚፈጀው ጉዞ ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ሰዓት ብቻቸውን የለውጡን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። ትንሿ ሰላጤ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፦ ሲገቡ ሰፊ የነበረው አሸዋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀጭን መስመር ሆኖ፣ በአለቱ ሥር የመጡበት መንገድም ውኃ ውጦት ይገኛል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ውኃው ጥግ ድረስ ሲሞላ ሞገዱ ቀጥ ያለው የዳር አሸዋ ላይ በአንድ ጊዜ ይደፋል፤ አንገት የሚያጥፈው እሱ ነው። ሲጎድል ደግሞ ተሸፍነው የነበሩ ድንጋዮች ይወጣሉ። ውኃው መሞላት ከጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ያለው መካከለኛ ጊዜ ለብዙ አሸዋማ ሰላጤዎች ይስማማል። ሆኖም እያንዳንዷ ሰላጤ የራሷ ጠባይ አላት።

ዳር ቆሞ ሃያ ደቂቃ

ትንበያው የሚያመጣው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ማየት ያስፈልጋል። ሃያ መሆኑ ምክንያት አለው፦ ሞገዶች በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት። ትልልቆቹ ተከታትለው ያልፉና ባሕሩ ለደቂቃዎች ኩሬ መስሎ ይተኛል። በዚያ ዕረፍት ጊዜ የደረሰ ሰው «ዛሬማ ምንም የለም» ብሎ ይገባል፤ ቀጣዩ ቡድን መሐል ላይ ያገኘዋል።

ሲመለከቱ ትልቁን ሥራ የሚሠራልዎ አንድ እውነት አለ። ሞገድ የሚሰበረው ጥልቀቱ የቁመቱ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። 1 ሜትር ሞገድ ሲሰበር ከሥሩ ያለው ውኃ 1.3 ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ነጩ አረፋ የሚታይበት ቦታ ጥልቀት የለውም፤ ከታች የአሸዋ ክምር አለ። ግራና ቀኙ እየተሰበረ መሐሉ ላይ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ የተረጋጋ መስመር ከታየ ደግሞ እዚያ ጠለቅ ያለ ቦይ አለ። ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውኃ የሚመለሰው በዚያ ቦይ ነው። ሰርፈሮች «ሪፕ» ይሉታል።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሠራል። ለማያውቅ ሰው ከሰላጤው ሁሉ ለመዋኘት የሚያምረው ቦታ ይኸው የማይሰበረው ነው። ምልክቶቹን ደጋግመው ይፈልጉ፦ ወደ ባሕር እየተጎተተ የሚሄድ የአረፋ ሰንሰለት፣ አሸዋ የቀላቀለ ደፍረስ ያለ ውኃ፣ በዙሪያው ካለው የተለየ ሽብሽብ ያለ ገጽ። ትንሽ ሰላጤ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው አለቱ ሥር ነው። ከመሐል ወደ ጎን የሄደ ውኃ አለቱ ሲያግደው ሌላ መሄጃ ስለሌለው አለቱን ታክኮ ይወጣል። አሸዋው ላይ ያለው ሪፕ በየሳምንቱ ቦታ ሊቀይር ይችላል፤ የአለቱ ግን አለቱ እስካለ ድረስ አለ።

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ ከተማ ያለችው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝመው ቦንዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በደቡብ ጫፏ፣ አለቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ የማይጠፋ ሪፕ አለ። ቦታውን የማያውቁ እንግዶች ጸጥ ማለቱን አይተው ስለሚገቡበት የአካባቢው ሰዎች «የባክፓከሮች ኤክስፕረስ» (ቦርሳ አዝለው የሚዞሩ ቱሪስቶች ፈጣን ባቡር እንደ ማለት) የሚል ስም አውጥተውለታል። በዚያው ዳርቻ እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1938 ተከታታይ ትልልቅ ሞገዶች መጥተው፣ ተመላሹ ውኃ በአሸዋው ክምር ላይ ቆመው የነበሩትን ጠራርጎ ወደ ጥልቁ ወሰዳቸው። ከ200 በላይ ሰዎች በነፍስ አድን ሠራተኞች ሲወጡ አምስቱ ሞቱ። ፀሐይ የወጣበት የበጋ እሑድ ነበር።

ሪፕ ወደ ታች አያሰምጥም፤ ወደ ባሕር ይወስዳል እንጂ። ሰው የሚሞተው ወደ ዳር ቀጥታ ለመዋኘት ሲታገል ዝሎ ነው። ጠንካራ ሪፕ በሰከንድ 2 ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ፍጥነት ተቃውሞ የሚዋኝ ተራ ዋናተኛ የለም። የተወሰደ ሰው ቦርዱን አይለቅም፣ ቦርዱ ላይ ይተኛል፣ እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልባል። አቅም ካለው ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን፣ ሞገድ ወደሚሰበርበት ወደ ነጩ አረፋ ይቀዝፋል፤ አረፋው ራሱ ወደ ዳር ይመልሰዋል። የአለቱ ሪፕ ከሆነ መሄጃው አንድ ብቻ ነው፤ ከአለቱ በተቃራኒ ወደ መሐል። የለመዱ ሰርፈሮች ይህንኑ ጅረት ሳይደክሙ ወደ ውጭ ለመውጣት ይጠቀሙበታል። ጀማሪ ሲያያቸው እንዳይከተላቸው።

ከመግባትዎ በፊት ዳር ላይ ሁለት ምልክት ይያዙ፤ ለምሳሌ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤትና አንድ ረጅም ዛፍ። ውኃ ውስጥ ሆነው በየጥቂቱ ቀና ብለው ምልክቶቹ ከፊትዎ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ወደ ጎን መንሸራተት ውስጡ ላለ ሰው አይታወቀውም።

ቦርዱ

አጭሩና ሹሉ ቦርድ ያምራል፤ ለጀማሪ ግን ጊዜ መግደያ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2.4 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነ ቦርድ ያስፈልገዋል። የቦርዱ መጠን በሊትር ተጽፎ ይገኛል፤ ከሰውነት ክብደት በኪሎ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ስፖንጁ የራስንም የሌላውንም ጭንቅላት ያተርፋል።

የቁርጭምጭሚቱ ገመድ ከቦርዱ ርዝመት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ከኋላ የሚቀረው እግር ላይ ይታሰራል። የትኛው እግር ከኋላ እንደሚሆን ለማወቅ ሰው ከኋላ በድንገት ገፋ ያድርግዎ፤ ለመደገፍ ቀድሞ የወጣው እግር ብዙ ጊዜ የፊቱ ነው። ማሰሪያው ላይ አሸዋ እንዳይገባ፣ ቋጠሮውም እንዳልተበላ ይታይ። ላዩ ጠንካራ የሆነ ቦርድ ሰም ይቀባል፤ ትናንሽ እብጠቶች እስኪሠሩ ድረስ እየተዞረ ይታሻል። ስፖንጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይፈልገውም። ከሥር ያሉትን ሦስት ክንፎች በእጅ ነቅነቅ አድርጎ መፈተሽ አይረሳ፤ የኪራይ ቦርድ ላይ ብሎኑ የላላ ክንፍ ብርቅ አይደለም።

ውኃው ከ24 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቆዳ ከፀሐይና ከመፋተግ የሚጠብቅ ስስ ልብስ ይበቃል። ወደ 18 ሲወርድ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ የጎማ የውኃ ልብስ)፣ ከ15 በታች ደግሞ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ልኩ ጥብቅ ይሁን፤ የላላ ዌትሱት ቀዝቃዛ ውኃ እያስገባ እያስወጣ ሙቀት ይቀማል።

አሸዋው ላይ፣ ከዚያ ውኃው ላይ

ቦርዱን አሸዋ ላይ ከማስተኛት በፊት ለክንፎቹ ጉድጓድ ይቆፈር፣ አለዚያ ይሰበራሉ። ከዚያ በሆድ ይተኛሉ፣ የእግር ጣቶች የቦርዱን ጭራ ይነካሉ። መዳፎች ከጎድን አጥንት አጠገብ ጠፍጣፋ ሆነው ያርፋሉ። የቦርዱን ጠርዝ ጨብጦ መነሣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰውነት የተደገፈበት ጠርዝ ውኃ ውስጥ ይገባና ቦርዱ ይገለበጣል። ደረትን ቀና አድርገው፣ ዓይን ፊት ለፊት፣ በመዳፍ ይገፋሉ። የፊቱ እግር በሁለቱ እጆች መሐል ገብቶ ያርፋል፣ የኋላው ወደ ክንፎቹ አካባቢ አግድም ይቀመጣል። ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ሳይጎብጥ። በጉልበት ተንበርክኮ መነሣት ለመጀመሪያው ቀን ይቀላል፤ ከለመደ ግን ለመተው ወራት ይፈጃል። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይደጋገም።

ውኃ ውስጥ ወገብ ድረስ ብቻ ይገባል። ሲገቡ ቦርዱ ከጎን ይሁን፣ አፍንጫው ወደ ሞገዱ። በሰውነትዎና በሞገዱ መሐል አግድም ከተያዘ ወገብ የማያህል አረፋ እንኳ ደረትና አፍ ላይ ያላጋዋል፤ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል።

ተኝተው ሲቀዝፉ የቦርዱ አፍንጫ ከውኃው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቀና ይበል። ከዚያ ከፍ ካለ ወደ ኋላ ተስበዋል፤ ጭራው እንደ ፍሬን ይይዝና ሞገዱ በሥርዎ አልፎ ይሄዳል። ውኃ ከነካ ወደ ፊት አብዝተዋል፤ ሞገዱ ሲገፋ አፍንጫው ይቀበርና ተወርውረው ይወድቃሉ። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ አገጭዎ የሚያርፍበት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ዓይንን ከመገመት ያሳርፋል።

የሚያዘው ያልተሰበረው ሞገድ ሳይሆን ቀድሞ የተሰበረው አረፋ ነው። ቦርዱን ወደ ዳር አዙረው፣ አረፋው ከኋላ አራት ሜትር ገደማ ሲቀረው ረጅምና ጥልቅ ቀዘፋ ይጀምራሉ። ጭራውን ገፋ ሲያደርግ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ገና ሲነካው ይነሣል፣ ቦርዱም ፍጥነት ስላላገኘ ከሥሩ ይሸሻል። ሁለት ቀዘፋ ይጨመር፣ ቦርዱ ራሱ መንሸራተቱ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ብድግ። ዓይን ዳር ላይ ይሁን። እግሩን የሚያይ ሰው እግሩ ወዳለበት ይወድቃል።

መውደቅ አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ ጎን፣ ሰውነትን ዘርግቶ፣ በጀርባ ወይም በመቀመጫ ይወደቅ። በጭንቅላት ጠልቆ መግባት በዚህ ጥልቀት አንገት ይሰብራል። ሲወጡ ክንዶች ጭንቅላት ላይ ይሁኑ፤ የተለጠጠው ገመድ ቦርዱን መልሶ ያስፈነጥረዋልና።

ከሌሎች ጋር

ትንሽ ሰላጤ ላይ ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሆነ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ሞገዱ መሰበር ከሚጀምርበት ጫፍ በጣም የቀረበው ሰው ባለ ቅድሚያ ነው፤ እሱ ከተነሣ ሌላው ይተዋል። ወደ ውጭ የሚቀዝፍ ሰው የሚጋልበውን ሰው መንገድ አያቋርጥም፣ በአረፋው በኩል ይዞራል። ከኋላ ሰው ካለ ቦርድ ጥሎ መጥለቅ ነውር ነው፤ ቦርዱና ገመዱ ተደምረው አምስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለን ሰው ይመታሉ።

ዓለም አቀፍ የባንዲራ ምልክቶችም አሉ። ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መሐል ለዋናተኞች ነው፣ ሰርፍ ቦርድ አይገባም። ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች ያሉት ደግሞ የቦርድ ቦታ ነው። ቀይ ብቻ ከሆነ አደገኛ፣ ሁለት ቀይ ከሆነ ዝግ፣ ሐምራዊ ከሆነ የሚናደፉ የባሕር እንስሳት አሉ ማለት ነው። በአሸዋ ላይ ተደብቀው የሚተኙ ስቲንግሬይ የሚባሉ ጠፍጣፋ ዓሦች ባሉበት እግርን ሳያነሡ እያንፏቀቁ መሄድ ያርቃቸዋል። ከወጉ ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል፣ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መንከር ሕመሙን ያበርደዋል፤ ከዚያ ወደ ሕክምና።

ከተማ አጠገብ መሆን የራሱ ጣጣ አለው። ዝናብ ሲዘንብ የመንገዱ ጎርፍ፣ አንዳንዴም የሞላ የፍሳሽ መስመር በቱቦ መጥቶ ሰላጤው ውስጥ ይለቀቃል። ክፍት ባሕር ቶሎ ያጥበዋል፤ በአለት የተከለለ ውኃ ግን ለመለወጥ ይዘገያል። ከከባድ ዝናብ በኋላ 72 ሰዓት መጠበቅ በሰርፈሮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሳይጠብቅ የገባ ሰው ጆሮውን ወይም ሆዱን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሰማዩ ቢጠራም ቡናማው ውኃ ቱቦው አፍ ላይ ካለ ገና ነው።

ለመውጣት ምልክቱ ክንድ ነው። ቀዘፋው አጥሮ፣ ሁለት ሞገድ በተከታታይ በሥርዎ ካለፈ ጉልበቱ አልቋል፤ «አንድ የመጨረሻ» የሚባለውን ፍለጋ ሳይሄዱ አረፋ ላይ በሆድ ተኝተው ወደ ዳር ይምጡ። ጥልቀቱ ጉልበት ሲደርስ ይውረዱና ቦርዱን ከጎን ይዘው፣ ባሕሩን በግማሽ ዓይን እያዩ ይውጡ። ከዚያ ቦርዱን፣ ገመዱንና ክንፎቹን ጨው በሌለው ውኃ አጥቦ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተዘጋበት የስፖንጅ ቦርድ ያብጣል፣ ላዩም ከውስጡ ይላቀቃል።